መቻልና መዋል፦ የአንድ የኦኩፔሽናል ቴራፒ መመረቂያ ጽሑፍ የጉዳይ ጥናት

ተማሪዋ መጀመሪያ ቢሮዬ የመጣች ቀን ዳይናሞሜትር ይዛ ነበር። የእጅ ጭብጥ ኃይል መለኪያ ነው፤ ታማሚው ክርኑን አጥፎ መያዣውን ይጨብጣል፣ መርፌው ስንት ኪሎ እንደደረሰ ያሳያል፣ ሦስት ጊዜ ይደገምና አማካዩ ይመዘገባል። «ከልምምድ ቦታዬ ተውሼው ነው» አለች፣ አዲስ ስልክ እንደገዛ ሰው በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። ርዕሱም በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፏል፦ «ኦኩፔሽናል ቴራፒ በስትሮክ ታማሚዎች የእጅ ጥንካሬና የኑሮ ጥራት ላይ ያለው ውጤት»። ሠላሳ ታማሚ፣ ከሕክምና በፊትና በኋላ ልኬት፣ ለዚህ ሁሉ አንድ ሴሚስተር።

የሆነውን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው። ተሳታፊዎቹን የሚያሳውቅ ነገር አውጥቻለሁ። ጽሑፉ በስተመጨረሻ አልፏል፣ ያውም በደህና ውጤት። እኔን የሚያስጽፈኝ ግን መንገድ ላይ ያደናቀፉን ነገሮች ናቸው፤ ከነሱም ሁለቱ የተማሪዋ ሳይሆኑ የእኔ የአማካሪዋ ጥፋቶች ናቸው።

ርዕሱን ማሳነስ

በዚያ ቀን ሁለት ነገር ነገርኳት። የመጀመሪያው ተራ ነገር ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን ይሰማዋል። ሠላሳ ሰው የት ይገኛል? ሕክምናውን የሚሰጠው ማን ነው? ከስትሮክ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት እጅ ሕክምና ባያገኝም በራሱ እየተሻለው የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ማነጻጸሪያ ቡድን ከሌለ የጨመረውን ጉልበት ማን እንዳመጣው መናገር አይቻልም። ማነጻጸሪያ ቡድን ይኑር ከተባለ ደግሞ ለአንዱ ሕክምና ሰጥቶ ለሌላው መከልከል ይመጣል። በአንድ ሴሚስተር፣ በአንድ ተማሪ ጉልበት፣ ያለ ምንም በጀት የሚሆን አልነበረም።

ሁለተኛው ግን ከባድ ነበር። «ይህን ጥናት ፊዚዮቴራፒስት ቢሠራው ምን ይቀየራል?» አልኳት። ዝም አለች። «የጭብጥ ኃይሉ አምስት ኪሎ ጨመረ እንበል። ከዚያስ? ሰውየው በዚያች አምስት ኪሎ ምን ሠራባት?»

እዚህ ላይ የሙያው ስም ራሱ ያስቸግራል። ኦኩፔሽናል ቴራፒን «የሙያ ሕክምና» እያሉ የሚተረጉሙ አሉ። ተማሪዋ በልምምድ ላይ ሳለች ራሷን እንዲያ ብላ ስታስተዋውቅ አንድ ታማሚ «ልጄ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን ምን ሙያ ልማር ነው?» ብለዋት ነበር። ሰውየው አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው ትርጉሙ ነው። በዚህ ሕክምና ውስጥ ኦኩፔሽን ማለት እንጀራ የሚበላበት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሰው ቀኑን የሚሞላበት ነገር ሁሉ ነው፦ መታጠቡ፣ መልበሱ፣ ልጅ ማጫወቱ፣ ማንበቡ፣ ጎረቤት መጠየቁ። «ተግባር» ብንል ደረቅ ሆነብን፤ «ክንውን» ብንል የቢሮ ሪፖርት መሰለ። ብዙ ከተንከራተትን በኋላ ያረፍንበት ቃል «ውሎ» ነበር። ሰው እንዴት ዋለ? በምን ዋለ? ከማን ጋር ዋለ? ሌላ ትርጉም ለሚመርጥ ሰው አልከራከርም፤ ለእኛ ግን ቃሉ የጥናቱን አቅጣጫ ጭምር ለወጠው።

ምክንያቱም «ውሎ» ካልን በኋላ ልዩነቱ ወለል ብሎ ታየ። ዳይናሞሜትሩ የሚለካው መቻልን ነው። መቻል አንድ ነገር ነው፤ መዋል ሌላ ነገር ነው። ይህ የእኛ ፍልስፍና አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያጸደቀው የአካል ተግባር፣ የአካል ጉዳትና የጤና ዓለም አቀፍ ምደባ አንድ ሰው በተመቻቸ ሁኔታ ማድረግ የሚችለውንና በገዛ አካባቢው በእርግጥ የሚያደርገውን ለየብቻ እንድንመዘግብ ይጠይቃል። በ1965 የታተመው የባርቴል መለኪያም (አለባበስን፣ መታጠብን፣ አመጋገብን የመሳሰሉ አሥር ነገሮችን ከዜሮ እስከ 100 ነጥብ የሚመዝነው) በኋላ በወጣው የአሞላል መመሪያው ታማሚው ሊያደርገው የሚችለው ሳይሆን የሚያደርገው ይመዝገብ ይላል። ተማሪዋ በልምምድ ጊዜዋ ይህን ቅጽ ብዙ ጊዜ ሞልታለች። መመሪያውን ያነበበችው ግን የዚያን ሳምንት ነው። «እስከ ዛሬ ስሞላው የነበረው 'ይችላሉ' እያልኩ ነው» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ባለሙያም እንደዚያው ነው የሚሞላው።

አዲሱ ጥያቄ ይህ ሆነ፦ ከስትሮክ በኋላ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎች ከእንቅልፍ ነቅተው ለብሰው እስኪጨርሱ ያለውን ጠዋት እንዴት ይገልጹታል? የሚችሉትና የሚያደርጉት የሚለያየው የት ላይ ነው? ስድስት ሰው፣ በየቤታቸው፣ በቃለ መጠይቅ። ዳይናሞሜትሩ ወደ መጣበት ተመለሰ።

የተጣሉ ገጾች

የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝቱ አንድ ወር ፈጀ፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ባክኗል። ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች የመረጃ ቋት ላይ «ኦኩፔሽናል» የሚለውን ቃል ብቻውን ሲያስገቡት የፋብሪካ ሠራተኞች ጤና፣ የሥራ ላይ አደጋና በአቧራ የሚመጣ የሳንባ ሕመም ነው የሚያመጣው። መንገዱ የቀናው «የዕለት ተዕለት ኑሮ ተግባራት» የሚለውን የመረጃ ቋቱን መደበኛ ርእሰ ቃል ከስትሮክ ጋር አጣምራ ስትፈልግ፣ ከዚያም ሲናል በተባለው የነርሲንግና የተዛማጅ ጤና ሙያዎች የመረጃ ቋት ላይ ስትደግመው ነው። የፍለጋውን ቃላትና ቀን በሠንጠረዥ እንድትይዝ ነግሬያት ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ሳትይዝ ቀርታ እንደገና ሠራችው።

የመጀመሪያው ረቂቅ ዘጠኝ ገጽ የሙያውን ታሪክ ይዞ መጣ። ስምንቱን ቆረጥኩ። አንዱን ገጽ ያስተረፍኩት ለጥናቱ የሚሆን ነገር ስለያዘ ነው። በማርች 1917 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በተባለች ቦታ የሙያውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ጆርጅ ኤድዋርድ ባርተን ሐኪም አልነበረም፤ አርክቴክት ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ግራ ጎኑ ሽባ ሆኖ የተኛ ታማሚ። ያገገመው መሬት እየኮተኮተና እንጨት እየሠራ ነው። ተማሪዋ ይህን ስታነብ «እንግዲህ የመጀመሪያው ተሳታፊዬ እሱ ነው» አለች። ቀልዷን ጽሑፉ ውስጥ እንድታስገባው አልፈቀድኩላትም፤ አሁን ሳስበው ብትጽፈው ምንም አይጎዳም ነበር።

ሌላው የተጣለ ነገር ቁጥር ነው። ለቃለ መጠይቁ መክፈቻ የካናዳ የክንውን መለኪያን መረጠች፤ በ1991 የታተመ፣ በሙያው ውስጥ በስፋት የሚሠራበት መሣሪያ ነው። ታማሚው ራሱ የሚያስቸግሩትን የውሎ ጉዳዮች ይጠቅሳል፣ እስከ አምስት የሚሆኑትን ይመርጣል፣ ከዚያ እንዴት እንደሚያከናውናቸውና ምን ያህል እንደረካ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ግሩም መሣሪያ ነው። ችግሩ ተማሪዋ የስድስቱን ሰው ነጥብ ደምራ ለስድስት አካፍላ «አማካይ እርካታ» የሚል ሠንጠረዥ ማዘጋጀቷ ነው። መሣሪያው የተሠራው አንድን ሰው ከራሱ ጋር ለማወዳደር ነው፤ በሁለት ልኬቶች መካከል የሁለት ነጥብ ለውጥ ትርጉም እንዳለው ይወሰዳል። እሷ ግን ሁለተኛ ልኬት አልነበራትም። አንዱ ለመልበስ የሰጠውን ነጥብ ሌላው ለመጻፍ ከሰጠው ጋር መደመርም ትርጉም የለውም። ሠንጠረዡ ወጣ። ነጥቦቹ የቀሩት ለወሬ ማስጀመሪያ ነው፤ ለዚያ ግን ጠቀሙ። «እርካታዎ ከአሥር ስንት ነው?» ሲባሉ «ደህና ነው፣ ምን ይደረጋል» ይሉ የነበሩ ሰዎች «ለምን አራት አሉ? ለምን ሦስት አላሉም?» ሲባሉ አፋቸው ይፈታ ነበር።

ሦስተኛው ቃለ መጠይቅ

ጉዳዩ በእርግጥ ጉዳይ የሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ተሳታፊ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ስምንት ወር ሆኗል፤ ግራ እጃቸው ይንቀሳቀሳል፣ ግን ቶሎ ይዝላል። ባለቤታቸው እዚያው ክፍል ነበሩ። ተማሪዋ «ዛሬ ጠዋት ከነቁበት ጀምረው ይንገሩኝ» ስትላቸው፣ «እሷ ትንገርሽ» ብለው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ባለቤታቸው ነገሯት፦ እሳቸው ያነሷቸዋል፣ እሳቸው ያጥቧቸዋል፣ እሳቸው ያለብሷቸዋል።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄዱ ሰውየው በረዳቸውና ጃኬታቸውን አንሥተው ቆሙ። ጤነኛውን ቀኝ እጃቸውን አስቀድመው አስገቡ። ግራው ከኋላ ቀረ፤ እጅጌው ተጠማዘዘ፤ ጃኬቱ ትከሻቸው ላይ ተንጠለጠለ። ባለቤታቸው ሊነሡ ሲሉ ተማሪዋ ቀደመቻቸው። «ያውልቁትና እንደገና እንጀምር። ሲለብሱ የደከመው እጅ ይቅደም፤ ሲያወልቁ ጤነኛው።» ጃኬቱን ጭናቸው ላይ ዘርግታ እጅጌውን አሳየቻቸው። በሦስተኛው ሙከራ ሰውየው ብቻቸውን ለበሱ። መቅረጫው ይህን ሁሉ ይዟል፦ የጨርቁን ድምፅ፣ የሰውየውን ትንፋሽ፣ የተማሪዋን «እንዲያ! እንዲያ!»፣ ከዚያም ባለቤታቸው ዝቅ ባለ ድምፅ «እሱ እስኪለብስ ብጠብቅ ጠዋቱ አለቀ ማለት ነው» ሲሉ።

በማግሥቱ መጣች። «ቅጂውን ልሰርዘው?» ነበር የመጀመሪያ ቃሏ።

ለምን እንደደነገጠች ገባኝ። ተሳታፊዎች የፈረሙበት ቅጽ «ይህ ጥናት ሕክምና አይሰጥም» ይላል። እሷ ገና ፈቃድ የላትም፤ ተቆጣጣሪም አብሯት አልነበረም። ከሃያኛው ደቂቃ በኋላ ያለው ቃለ መጠይቅ ደግሞ ጣዕሙ ተለውጧል፤ ሰውየው አመስጋኝ ሆነዋል፣ የጠየቀቻቸውን ሁሉ «አዎ ልጄ፣ ልክ ነሽ» ይላሉ። አንድ ሰው ለተመራማሪ የሚናገረውና ለረዳችው ልጅ የሚናገረው አንድ አይደለም።

እንዳትሰርዝ ነገርኳት። የተደረገን ነገር መደበቅ ከመጀመሪያው ስህተት የባሰ ነው። ከዚያም የራሴን ጥፋት አየሁት። የፈቃደኝነት ቅጹን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ለመድኃኒት ሙከራ የተዘጋጀ አሮጌ ቅጽ ነበር። ተሳታፊው ርዳታ ቢፈልግ ምን ይደረጋል የሚል አንድ መስመር የለውም። የዓለም የኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን የትምህርት መለኪያ አንድ ተማሪ ቢያንስ 1,000 ሰዓት የተግባር ልምምድ እንዲያደርግ ይጠይቃል። ያ ሁሉ ሰዓት የሚያስተምረው እጅን መዘርጋት ነው። እኛ እጇን እንድትዘረጋ ስናሠለጥናት ኖረን፣ መቅረጫ አስይዘን ሰው ቤት ስንልካት እጇን እንድትሰበስብ የነገራት ማንም የለም። ተመራማሪነትና ቴራፒስትነት በአንድ ሰው ውስጥ ሲጋጩ ምን እንደሚደረግ ከመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በፊት ቁጭ ብለን ልንለማመድ ይገባን ነበር።

ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን፤ ከዕቅዱ የወጣ ነገር መፈጸሙን፣ ምን እንደሆነና ምን ልናደርግ እንዳሰብን። መልሱ ሳይመጣ ሦስት ሳምንት ቆየ፤ ለአንድ ሴሚስተር ሦስት ሳምንት ብዙ ነው። ሲመጣ ግን እንደፈራነው አልነበረም። ቅጹ ይስተካከል፤ ርዳታ የጠየቀ ተሳታፊ ከቃለ መጠይቁ በኋላ ፈቃድ ወዳለው ባለሙያ ይመራ፤ ከጃኬቱ በኋላ ያለው ክፍል በትንታኔ ውስጥ ከገባ ምን ተፈጥሮ እንደነበር በግልጽ ይጻፍ። በቀሪዎቹ ሦስት ቃለ መጠይቆች ላይ ተማሪዋ ደብተሯን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። እየቀለድኩ አይደለም፤ ሆን ብላ ነው።

ያልፈረመ ሰው ቃል

በጣሙን የከነከነን ነገር ዘግይቶ ነው የመጣው። በቃለ መጠይቅ የሚሠሩ ጥናቶች ሲጻፉ ምን ምን መግለጽ እንዳለባቸው የሚያሳይ፣ በ2007 የወጣ ኮሬክ የሚባል 32 ነጥብ ያለው ዝርዝር አለ። ተማሪዋ ረቂቋን በእሱ ስታመሳክር አንዱ ጥያቄ ላይ ቆመች፦ በቃለ መጠይቁ ወቅት ከተሳታፊውና ከተመራማሪው ሌላ ሰው ነበረ? ነበሩ። ባለቤትየው። ያ «ጠዋቱ አለቀ ማለት ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ደግሞ በስድስቱም ቅጂዎች ውስጥ ካለው ንግግር ሁሉ የበለጠ ለጥያቄያችን የቀረበ ነበር። የተናገሩት ሰው ግን ተሳታፊ አይደሉም፤ አልፈረሙም።

ብዙዎች እዚህ ላይ ዐረፍተ ነገሩን በእጅ አዙር ያስገቡታል፤ «በቤተሰብ በኩል የጊዜ ጫና ተስተውሏል» ብለው። ይህ ለእኔ ሌብነት ነው፤ ቃሉን ወስዶ ባለቤቱን መተው። አማራጫችን ሁለት ነበር፦ ማውጣት ወይም ሄዶ መጠየቅ። የኮሚቴው ፈቃድ ለአንድ ተጨማሪ ጉብኝት ተገኘ።

ተማሪዋ ቅጹን ይዛ ተመለሰች። ወይዘሮዋ ከመፈረማቸው በፊት «ምን ብዬ ነበር?» አሏት። አነበበችላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የቸኮልኩ አስመሰልሽኝ። አልቸኮልኩም እኮ። ሲታገል ማየቱን ነው የማልችለው።»

ተማሪዋ ይህን ስትነግረኝ ሁለታችንም ዝም አልን። እስከዚያ ቀን ድረስ ጽሑፉ ወደ አንድ ድምዳሜ እያዘነበለ ነበር፦ ረዳቶች ጊዜ ስለሌላቸው ታማሚው የሚችለውን አያደርግም። አሁን ግን «መቻል» የሚለው ቃል ራሱ ከሰውየው ወደ ሚስትየው ተዛወረ። እጃቸው ይችላል። ያልቻለው የሚስትየው ዓይን ነው። በዚህ ቋንቋ አንዱ ግስ ሁለቱንም መሸከሙን እስከዚያ ድረስ ልብ አላልነውም ነበር።

በዚያው ጉብኝት ሌላም ነገር አየች። ሰውየው ያንኑ ጃኬት ለብሰው ተቀምጠዋል። አዝራሩ እስከ ላይ ተቆልፏል። በማስታወሻዋ ላይ የጻፈችው ይህን ብቻ ነው፦ «ማን እንዳለበሳቸው አልጠየቅሁም። ብጠይቅ የተቆጣጠርኳቸው ይመስላቸዋል ብዬ ፈራሁ።»

ሣጥኖቹን መስበር

ወደ ሁለተኛው ጥፋቴ ልምጣ። ከመጀመሪያው የጋሪ ኪልሆፍነርን የሰው ልጅ ኦኩፔሽን ሞዴል እንድትጠቀም የገፋፋኋት እኔ ነኝ። በ1980 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ፣ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ሞዴል ነው፤ የሰውን ውሎ በተነሣሽነት፣ በልማድና በክንውን አቅም ይከፍለዋል፣ አካባቢንም ይጨምርበታል። ጥሩ ሞዴል ነው። እኔ ደግሞ የማውቀው እሱን ነው፤ ዋናው ምክንያቴ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይበላል። ያን ሁሉ ገልብጣ፣ ንግግሩን በቀለም ለይታ፣ ያመጣችልኝ ትንታኔ አራት ሣጥን ነበር፦ «ተነሣሽነት»፣ «ልማድ»፣ «አቅም»፣ «አካባቢ»። የሰዎቹ ንግግር ሁሉ ከአራቱ በአንዱ ተከቷል። የወይዘሮዋ ዐረፍተ ነገር «አካባቢ» ውስጥ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ደፍና ከአልጋው ቁመት ጋር ተቀምጧል። ሚስትየው የቤት ዕቃ ሆነዋል።

የጭብጥ ትንታኔን (ከሰዎች ንግግር ውስጥ ዋና ዋና ሐሳቦችን የማውጣት ዘዴን) የሚያውቅ ሰው ምን እንደጎደለ ወዲያው ያያል። ቨርጂንያ ብራውንና ቪክቶሪያ ክላርክ በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ ሥራውን በስድስት ደረጃ አስቀምጠውታል፤ ከሁሉ በላይ የሚከራከሩት ግን ጭብጥ ከመረጃው ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፣ ተመራማሪው የሚሠራው ነው ብለው ነው። «አካባቢ» ጭብጥ አይደለም፤ የፋይል ስም ነው። እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መፈተኛ ቀላል ነው፦ ጭብጥሽን ተቃውሞ ሊከራከርሽ የሚችል ሰው አለ? ከሌለ ገና ምንም አላልሽም። «አካባቢ» ለሚል ሰው ማንም አይከራከረውም። «ታማሚው የሚያደርገውን የሚወስነው ረዳቱ ማየት የሚችለው ነገር ነው» ካልሽ ግን ክርክር ይነሣል።

ሞዴሉን ከትንታኔው አውጥታ ወደ ውይይቱ ክፍል አዛወረችው፤ መጀመሪያ ሰዎቹ ያሉትን ትስማ፣ ከዚያ ከሞዴሉ ጋር ታነጋግረው። አሥር ቀን ፈጀ። ሦስት ጭብጥ ወጣ። አንደኛው የወይዘሮዋ ነው። ሁለተኛው ሰዎቹ በሆስፒታል «ይችላሉ» ተብለው የተመዘኑበትን ነገር ቤታቸው ሲደርሱ ለማድረግ የማን ፈቃድ እንደሚጠይቁ የሚናገር ነው። ሦስተኛው ደካማ ነበር፤ ስለ ድካምና ስለ እንቅልፍ፣ ከሁለት ሰው ንግግር ብቻ የተሠራ። እንድታወጣው መከርኳት፤ እምቢ አለች። የእሷ ጽሑፍ ስለሆነ ተውኩት።

ፊት ለፊት

ጽሑፉን ለፈታኞች ያቀረበችበት ቀን ሃያ ደቂቃ ተሰጣት። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉም የሚጠብቀው ነበር፦ «ለምን ስድስት ብቻ?» በረቂቋ ላይ «መረጃው ሙሌት ላይ ደርሷል» (ተጨማሪ ሰው ቢጠየቅ አዲስ ነገር አይመጣም ማለት ነው) ብላ ጽፋ ነበር፤ እንድትሰርዘው አድርጌያለሁ፤ በስድስት ሰው፣ ያውም ሦስቱን ከሦስት ሳምንት ማቋረጥ በኋላ አነጋግራ፣ ሙሌት ደረሰ ማለት ድፍረት ነው። በምትኩ ኪርስቲ ማልቴሩድና ባልደረቦቿ በ2016 ያቀረቡትን የመረጃ ጉልበት የሚለውን ሐሳብ ይዛ መለሰች፦ ጥያቄው በጠበበ ቁጥር፣ ተሳታፊዎቹ ከጥያቄው ጋር በቀረቡ ቁጥር፣ ውይይቱም በጠለቀ ቁጥር የሚያስፈልገው ሰው ያንሳል። ጥያቄዋ ጠባብ ነበር፤ ስለ አንድ ጠዋት። የውይይቱ ጥልቀት ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃለ መጠይቆች ደካማ እንደነበር ራሷ ተናገረች። ፈታኙ ይህን ወደዱት።

ሁለተኛው ጥያቄ መታን። «ስትሮክ ንግግራቸውን የወሰደባቸው ሰዎች የት አሉ?» መናገር የማይችል ሰው በቃለ መጠይቅ ጥናት ውስጥ አይገባም ብለን ከመጀመሪያው አግልለናቸዋል፤ በመሥፈርቱ ላይ አንድ መስመር ነው፤ ማናችንም ሁለት ጊዜ አላሰብንበትም። ጠዋታቸውን ሌላ ሰው የሚወስንላቸው ሰዎች ካሉ ግን ግንባር ቀደሞቹ እነሱ ናቸው። በሥዕል፣ በፎቶግራፍ፣ በምልክት ማነጋገር ይቻል ነበር። ተማሪዋ «አላሰብኩትም» አለች። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ያንኑ ነው ያልኩት፣ በልቤ።

ስለ ጃኬቱ የተጻፈው ገጽ ላይ ብዙ ቆዩ። አንዷ ፈታኝ ክስተቱን በአባሪ ሳይሆን በጽሑፉ መሃል ማስቀመጧን አመስግነው፣ ወዲያው ደግሞ «የረዳሻቸው አንቺ ነሽ፤ ታዲያ 'ይችላሉ' ያልሽው በእሳቸው አቅም ነው ወይስ በአንቺ ሥልጠና?» ብለው ጠየቋት። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከመማራቸው በፊት አይችሉም ነበር፤ ከተማሩ በኋላ ቻሉ፤ በሁለተኛው ጉብኝት ግን ለማድረጋቸው ማስረጃ የለንም። እንዲሁ መለሰች፣ ሳታስጌጥ።

የመጨረሻውን የጠየቁት ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ የነበሩት ሰብሳቢው ናቸው።

«ለመሆኑ ጃኬቱን ዛሬ ጠዋት ማን አለበሳቸው?»

«አላውቅም» አለች። «ለሦስተኛ ጊዜ ለመሄድ ፈቃድ አልነበረኝም።»

በማረሚያው ዝርዝር ላይ ከፊደል ግድፈቶቹና ከሠንጠረዦቹ ቀጥሎ ይኸው መልስ በውስንነት ክፍል እንዲገባ ታዘዘ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የታረመውን ቅጂ አስገባች፤ ዐረፍተ ነገሩ በገጹ ግርጌ፣ እንደተናገረችው፣ ሳይለወጥ ተቀምጧል።